ያልተጨማደደው ስፌት

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የጠረጠረችው በአሮጌ መኪና ምክንያት ነው ቢባል ማን ያምናል? የሆነው ግን እንደዚያ ነው።

ባሏ መምህር ነው። ከአባቱ የወረሳትን መኪና ለዓመታት ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሶ ካቆማት በኋላ፣ ዘንድሮ ሊያድሳት ተነሣ። ሞተሩ ተሠራ፣ ቀለሙ ተቀባ። የቀረው የኋላ ዕቃ መጫኛው የውስጥ ልባስ ብቻ ነበር። ዝናብ እየገባበት የጎን ካርቶኖቹ አብጠው ተፈረካክሰዋል፤ ግራጫው ጨርቅ ሻግቷል፤ የወለሉ ምንጣፍ ገና ሲነካ ይበጣጠሳል።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ መቼ እንደሚጠይቃት ስትጠብቅ ሰነበተች። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ የምታለብስ እሷ አይደለችም እንዴ? እሱ ግን አንድ ቀን አሮጌዎቹን ካርቶኖች በብብቱ ሸጉጦ ከመንገዱ ማዶ ወሰዳቸው፤ የመኪና ወንበር ወደምታለብሰው ሴት።

ከዚያ ወዲያ መምህሩ ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ማዶ ሆነ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና በመስኮት ታያቸዋለች። ሴትዮዋ አሮጌውን ካርቶን አዲሱ ላይ አነባብራ በጠመኔ ዙሪያውን ስታሰምር እሱ ጫፉን ይይዝላታል። ማስቲሽ ስትቀባ ጨርቁን ይወጥርላታል። አንድ ነገር ትለዋለች፤ እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

“እኔ ጥርሱን የማየው ጥርሱን ሲያመው ብቻ ነው” አለች ልብስ ሰፊዋ። የያዘችውን እጅጌ ገልብጣ ሰፍታው ኖሮ ተርትራ እንደገና ጀመረች።

ሥራው ሲያልቅ ባሏ “ነይ እስቲ እዪልኝ!” ብሎ ጠራት።

“ሥራ ይዣለሁ” አለችው።

በማግስቱ እሱ ሲወጣ ጠብቃ የኋላ ኮፈኑን ከፈተች። እንከን ፍለጋ ነበር። ከጎማው በላይ ብረቱ የሚያብጥበት ቦታ ላይ ጨርቁ መጨማደድ አለበት፤ እዚያ ላይ ማንም ይሳሳታል። ሴትዮዋ ግን እንደ ኮት ትከሻ ቆርጣ፣ ስስ ስፌት አሳልፋ፣ ልክክ አድርጋዋለች። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ዳሰሰችው። አንድ እጥፋት የለም። ይሄኔ ደሟ ፈላ። መተርተሪያዋን አምጥታ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረችው።

ወዲያው ደነገጠችና መልሳ ልትሰፋው ተቀመጠች። ብትወጥረው፣ ብታላላው፣ ጨርቁ መሸብሸቡን አልተው አለ። ባሏ ሲመጣ ግማሽ አካሏ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቀብሮ አገኛት።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“ተረተርኩት።”

“ለምን?”

“ለምን ለእሷ ሰጠህ? እኔ እጅ የለኝም?”

“አንቺ አይደለሽ እንዴ ‘ለዚህ ቆርቆሮ መርፌዬን አላነሣም’ ያልሽኝ?”

እውነትም ብላለች። የንዴት ወሬ ነበር፤ የንዴት ወሬ ደግሞ ማን ይይዛል?

“ሳቁስ?” አለችው። “ሳቁንም እሷ ናት የምትሰፋልህ?”

እሱም ጨርቁን ነቅሎ አስታቀፋትና “በይ ነይ፣ አንቺው ንገሪያት” ብሎ መንገዱን አሻገራት።

ሴትዮዋ ጨርቁን ገልብጣ አየችው። “እትዬ፣ ይሄ የመተርተሪያ ሥራ ነው። ምን ጎድሎት ነው?”

“ምንም አልጎደለውም” አለች ልብስ ሰፊዋ ፊቷ እየጋለ። “እሱ ነው ያናደደኝ።”

ሴትዮዋ ወንበር ሳበችላት። “እንግዲያው ይያዙልኝ። ጋሼ እንደሆኑ ወሬ እንጂ ጨርቅ መያዝ አይሆንላቸውም።”

ልብስ ሰፊዋ ሳትወድ በግድ ሳቀች። ሴትዮዋ ጨርቁን በሙቅ ውሃ አርሳ ስታለሰልሰው አየችና “አሃ!” አለች በሆዷ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ክር ይዋዋሳሉ። ቅናቷ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። መምህሩ ወደ ማዶ ሲሻገር ካየች የጀመረችውን ቀሚስ እንዳንጠለጠለች ትከተለዋለች፤ ሴትዮዋም ገና ከሩቅ ስታያት ሁለተኛ ወንበር ታወጣለች።