አቴናን ወክዬ ሣር የያዝኩ ቀን

ዶክተር ኦይታ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። «የጥንት ግሪክና ሮም» የሚባለውን ኮርስ ሊዘጉት ቆርጠዋል። የማስተምረው እኔ ነኝ። ከተዘጋ የሚደርሰኝ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ አንድ አዳራሽ ሙሉ ተማሪና የማይሠራ ማይክ ማለት ነው።

«ለጋሞ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል?» ይላሉ በየስብሰባው። ገበሬው ስለ ሌሎቹ ኮርሶቻችንም ተጠይቆ አያውቅም ብላቸው አልሰሙኝም። በመጨረሻ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው እንዲያዩ፣ ተማሪዎቹ የወሰኑትንም እንዲቀበሉ አግባባኋቸው። «በአቴናውያን ሥርዓት በአንድ ሰዓት ያልቃል» አልኳቸው።

አቴናውያን ኃይሉ በዛብን ያሉትን ሰው የሚያባርሩበት ዘዴ ነበራቸው። ክስ የለም፤ መከላከያ የለም። እያንዳንዱ ዜጋ የሚባረረውን ሰው ስም ሸክላ ስባሪ ላይ ጭሮ ይጥላል። ስሙ የበዛበት ለአሥር ዓመት ከአገር ይወጣል። ስብሰባ ለሰለቸው ለእኔ ዓይነት ሰው የሚስማማ አሠራር ነው።

ሲቀላ ገበያ ሄጄ ሸክላ ሻጯን ሻሺቱን ድስት ጠየቅኳት።

«ለምን ወጥ ነው?»

«ለመስበር ነው።»

«እንግዲያማ የተሰነጠቀው አለልሽ። ደህናውን ለሚበላ ሰው ተይው።»

በማግስቱ ስባሪውንና መጫሪያ ምስማር ለተማሪዎቹ አደልኩ። ዶክተር ኦይታ የመጨረሻው ወንበር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ዛሬ የሚባረረው ሰው አይደለም፤ ይህ ኮርስ ነው» አልኩ። «ይሂድ ወይም ይቆይ ብላችሁ ጻፉ።»

ሰብስቤ አየሁ። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ሁለተኛውም። አንዱ ላይ ብቻ በደቃቅ ፊደል «ገና አልተነጋገርንም» ይላል።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለ የካምባው አጵሎስ። «ሌሎቹም ያሰቡት ይህንኑ ነው። ስባሪው ጠቧቸው ነው።»

«ድምፅ ስጡ ነው ያልኳችሁ።»

«አንድ ሰው ቅር ብሎት ከቀረ ምኑ ተወሰነ? ዱቡሻ ላይ እንዲህ አይደረግም።»

ዱቡሻ የጋሞ ሸንጎ ነው። ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይወራል፤ ድምፅ ቆጠራ ብሎ ነገር የለም። እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ይህን አለማሰቤ ይገርማል።

«ዱቡሻ ላይ ሴት አትናገርም ነበር» አለች የዶርዜዋ ልክነሽ። «አቴናም እንደዚያው ነው ብለውናል። ዛሬ የሁለቱንም እናገራለሁ።» ወንበሮቹን ክብ አስደረገችና ወደ ዶክተሩ ዞረች። «በዕድሜ የሚበልጡን እርስዎ ነዎት። ሳይመረቅ አይጀመርም።»

የመጡት ለመታዘብ ብቻ ነበር። ግን ተነሥተው መረቁ። ሰላም ለመኑ፤ ዝናብ ለመኑ፤ ከብቶቹንም አልረሱም። ጉባኤ የከፈተ ሽማግሌ ደግሞ ሳይዘጋ አይወጣም።

ተማሪዎቹ በየተራ «ይቆይ» አሉ። ለምን እንደሚቆይ ካስረዱት ግማሹን እኔ አላስተማርኳቸውም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ዶክተሩ ብቻ ቀሩ፤ እሳቸውም «አልስማማም» አሉ። አቴና ቢሆን ይሄኔ አሸንፌ ቤቴ ገብቼ ነበር።

«ዶክተር፣ ይህ ኮርስ ምን በደለዎት?» አለች ልክነሽ።

ወንበራቸውን ወደ ክቡ አስጠጉ። «ተማሪ ሳለሁ ስለዚሁ ስለ ስባሪው በፈተና ተጠየቅኩ። ‹ሰውየውን ሳያናግሩ የሚያባርሩ ሰዎች ሸንጎ አያውቁም› ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ዜሮ ሰጠኝ። ከጎኑ ደግሞ ‹ይህ መንደርህ አይደለም› ብሎ ጻፈበት።»

ክፍሉ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

«ይሄማ በደል ነው» አለ አጵሎስ። «መምህሩ የት አሉ?»

«ሞቷል።»

«እንግዲያ በወንበሩ ላይ የተተካው ይቅርታ ይጠይቃል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ያኔ አልተወለድኩም» አልኩ።

«አቴናውያን ሲያባርሩም እርስዎ አልተወለዱም» አለች ልክነሽ። «ግን ሴሚስተሩን ሙሉ ጥብቅና ሲቆሙላቸው ነበር።»

አጵሎስ ወጣና «ሣሩን አትርገጡ» ከሚለው ሰሌዳ ሥር አንድ እፍኝ ነጭቶ መጣ። እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ይቅር ሳይሉ ማለፍ እዚህ ነውር ነው። ቆሜ መከራከር እችል ነበር፤ ኮርሱን ግን አያድነውም። ሣሩን ተቀብዬ ተንበረከክኩ።

«ስለ መምህሩ፣ ስለ አቴናም፣ ይቅርታ» አልኩ።

ዶክተር ኦይታ ተነሥተው አጠገቤ ቆሙ። «ይቅር ብያለሁ። ኮርሱ ይቆይ።» ሊያነሡኝ ክንዴን ያዙና ማንሣቱን መሃል ላይ ተዉት። «መልሴ ግን ልክ ነበር?»

«ዜሮ አይገባውም ነበር።»

«ስንት ይገባው ነበር?»

ሣሩ እጄ ላይ ነው፤ ጉልበቴም ሲሚንቶ ላይ። ይሁንና የመልሳቸው ሐሳብ ጥሩ ቢሆንም ማስረጃ አልቀረበበትም።

«ቢ» አልኩ።

«ቢ ብቻ?»

አጵሎስ እሳቸውን አየ፤ እኔን አየ። «ገና ቅሬታ አለ» ብሎ ወንበሩን ሳበ። ሊወጡ የቆሙት ሁሉ ተመልሰው ተቀመጡ።