ከመጨረሻው ስም በታች

የይቅርታው ዝርዝር ሰኞ ጠዋት ገባ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ስም ነው። ርእሰ ብሔሩ መነጽራቸውን ወልውለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ደግመው ከታች ወደ ላይ ወጡበት። የወንድማቸው ስም የለም።

ወንድም ሲባል ደግሞ እንዲሁ ወንድም አይደለም። እናታቸው ስትሞት ልብሱን እያጠቡ፣ ፊደል እያስቆጠሩ ያሳደጉት የመጨረሻው ልጅ ነው። ጠጥቶ መኪና ነዳ፣ ሰው ገደለ፣ ተፈረደበት። ይሁን፤ ጥፋት ጥፋት ነው። አሁን ግን፣ በታሰረ በሰባተኛ ዓመቱ፣ ኩላሊቱ እምቢ ብሏል። ሐኪሙም ብዙ አይቆይም ብሏል። ቤቱ ገብቶ ይሙት ነው የተባለው፤ ሌላ የተጠየቀ ነገር የለም። ሄደው እንዳያዩት እንኳ፣ እሳቸው ከገቡ ለጥበቃ ሲባል የዚያን ቀን ጠያቂ ሁሉ ይባረራል።

«የይቅርታ ቦርዱ አላሳለፈውም?» አሉት ጸሐፊያቸውን።

«አላሳለፈውም፣ ክቡርነትዎ። የሟች ቤተሰብ አልታረቀም።»

«እኔ ብጨምረውስ?»

ጸሐፊው ጣቱን በወረቀቱ ግርጌ አሳረፈ። ከመጨረሻው ስም በታች ያለው ባዶ ቦታ ማንም ማንንም እንዳይጨምርበት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ መስመር ተዘግቷል።

ያን መስመር ያመጣው ማን ሆነና! ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሽማግሌው ርእሰ ብሔር ያኔ የይቅርታ ቢሮው የሕግ ባለሙያ ነበሩ። አንድ ሹም የአክስቱን ልጅ ከዝርዝሩ ግርጌ ጽፎ ሲያስፈታ ደማቸው ፈላና፣ ባዶው ቦታ ሁሉ በማስመሪያ እንዲዘጋ አደረጉ። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም «በቀረበለት ዝርዝር መሠረት ብቻ» የሚለውን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲኮሩበት ኖረዋል።

ታዲያ ሥልጣናቸው ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። አምባሳደር ይቀበላሉ፣ ሜዳልያ ያጠልቃሉ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ንግግር ለፓርላማ ያነባሉ። ሕግም ቢሆን ባይፈርሙበት በአሥራ አምስት ቀኑ ያለ እሳቸው ይጸድቃል። ያለ ፊርማቸው ንቅንቅ የማትለው ይቺ የይቅርታ ዝርዝር ብቻ ናት።

ይሄኔ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣባቸው። ባልፈርምስ? ይዤው ብቀመጥ ቦርዱ ሲጨንቀው ወንድሜን ጨምሮ ይመልሰው የለ? ዝርዝሩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበትና ለምሳ ተነሡ።

ጠረጴዛው ሃያ አራት ሰው ያስቀምጣል፤ የቀረበው ሳህን አንድ ነው። አስተናጋጁ ሾርባውን አስቀምጦ ወጣ፤ ቆሞ እንዲያጫውታቸው ደንቡ አይፈቅድለትም። ማንኪያቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። በዝርዝሩ ሰማንያ ስምንተኛዋ ልጇን እስር ቤት የወለደች ሴት ናት። እሷንና ልጇን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ነው ምሳ የቀረቡት። አፈሩ፣ በጣም አፈሩ።

ተመልሰው ፈረሙ። እጃቸው የከበዳቸው ወንድማቸውን በገዛ እጃቸው የቀበሩት ያህል ነበር። ከዚያ ታላቅ እህታቸው ዘንድ ደወሉ።

«እትዬ፣ ፈረምኩ። እሱ የለበትም።»

«አውቆታል» አሉ እህታቸው። «ቅዳሜ ስጠይቀው፣ ‹መስመሩን እንዳያበላሸው ንገሪው። የመጀመሪያውን እቤት ሲያሰምር ማስመሪያውን የያዝኩለት እኔ ነኝ› አለኝ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላማ ያንተ ነገር ነው የከነከነው። ‹እዚህ አሥራ አንድ ሆነን ነው የምንበላው፣ ሲያመኝም ደግፎ የሚያስነሣኝ አላጣሁም። እሱ ምሳውን ከማን ጋር ነው የሚበላው?› አለኝ። ምን ልበለው?»

ሽማግሌው በተከፈተው በር የምሳ ጠረጴዛውን አዩት። ሾርባው እንዳለ ቀዝቅዟል።

«ከጸሐፊው ጋር ነው በይው» አሉ።

ጸሐፊው እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም።