ራሱን እስኪችል

ከአስቻለው ጋር የተለያየን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ቤቱንም ላሟንም አከራክረው ሲያበቁ ልጁ ላይ ደረሱ። ብሥራት ያኔ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጭኔ ላይ ተኝቷል። ጋሽ በዛብህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጁ ራሱን ችሎ እስኪበላ፣ እስኪለብስ፣ እስኪታጠብ ከእናቱ ጋር ይቆይ፤ ከዚያ ወደ አባቱ ይሂድ» አሉ። ሰባት ዓመት ማለታቸው ነው ብዬ እሺ አልኩ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። እስከዚያ ስንት ነገር ይሆናል አልኩ በልቤ፤ አስቻለው ሌላ ይወልዳል፣ ይህኛውን ይረሳዋል።

አስቻለው ዳንግላ ገብቶ የሻረግ የምትባል ሴት አገባ። እኔ ከልጄ ጋር እዚሁ ቆሰበር ቀረሁ። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ እውላለሁና ለልጁ መዋያ ፈለግሁ። ጎረቤቴ ዋጋዬ፣ «ጴንጤዎቹ ሞንተሶሪ የሚሉት ነገር ከፍተዋል። ልጆቹ ወለል ሲጠርጉ ነው አሉ የሚውሉት። ከፍሎ ልጁን የሚያስጠርግ ወላጅ አለ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ደግሞ አትሂጂ ሲሉኝ የምሄድ ሴት ነኝ። ጾሙን እስካልገደፈ ድረስ ማን ምን አገባው ብዬ በማግሥቱ ወስጄ አስመዘገብኩት።

መምህሯ ርብቃ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር በልጆቹ ልክ የተሠራ ነው፤ ወንበሩ፣ መጥረጊያው፣ ማንቆርቆሪያው፣ የቀርከሃ ትሪው። ልጁ ምንጣፉን ራሱ ያነጥፋል፣ የፈለገውን ሥራ ከመደርደሪያ አንሥቶ ይሠራል፣ ሲጨርስ ወደ ቦታው ይመልሳል። ኩባያቸው እንኳ የእውነት ብርጭቆ ነው። ሲሰበር ርብቃ አትቆጣም፤ ስብርባሪው እንዴት እንደሚጠረግ ታሳያለች።

የወላጆች ቀን የተባለ ዕለት እኛን ግድግዳ ጥግ ደርድራ አስቀመጠችን። «እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ» አለች። «ልጁ የሚችለውን ነገር እናንተ አታድርጉለት። ቤትም እንደዚሁ።» ብሥራት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የልብስ ቁልፍ ሊቆልፍ ይታገላል። ቁልፉ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ላቡ ጠብ አለ፣ እኔንም አላበኝ። ዘልዬ ልነሣ ስል ርብቃ በዓይኗ መለሰችኝ። በመጨረሻ ገባለት። ያኔ ያየሁበትን ፊት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ እኔ የሰጠሁት ደስታ አልነበረም።

እኔ ነገር ከያዝኩ ያዝኩ ነው። ቤትም እጄን ሰበሰብኩ። ሲለብስ ዞር እላለሁ፣ ወጡን ሲያፈስ ጨርቁን አሳየዋለሁ። ዋጋዬ «እንጀራ እናት ሆንሽበት» ስትለኝ እስቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። ማታ ራሱ በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ልብሱን አጣጥፎ «ደህና እደሪ እማ» ይለኛል። ጉርሻ ስዘረጋለት «ራሴ» ይላል፤ በትሕትና ነው፣ ግን ይላል። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ እሰማለሁ። ብቸኝነት ሰው ማጣት ይመስለኝ ነበር፤ ልጄ እዚያው ተኝቶ ብቸኛ ሆንኩ። እሱን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ኮርቼበት ነበር። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ይገባሉ።

አንድ እሑድ ጋሽ በዛብህ ከሌላ ሽማግሌ ጋር ወደ ቤቴ መጡ። አስቻለው ክረምቱን ልጁን ልውሰደው ብሎ ልኳቸው ነው። ምሳ አቀረብኩ። እውነቱን ለመናገር ወሬው ዳንግላ እንዲደርስ ፈልጌ ነበር፤ ሴት ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ምን እንደሚመስል ይይልኝ አልኩ። ስለዚህ ለብሥራት ምልክት ሰጠሁት። ማንቆርቆሪያውንና መታጠቢያውን ይዞ መጣ፣ ሽማግሌዎቹን ጠብታ ሳያፈስ አስታጠበ፣ ፎጣውን በሁለት እጁ አቀረበ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አዩት ጋሽ በዛብህ?» አልኩ። «ራሱ ይለብሳል፣ ራሱ ይታጠባል፣ ራሱ ይበላል። እኔን ለምንም አይፈልገኝም።» ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ጋሽ በዛብህ እጃቸውን ቀስ ብለው አደራረቁ። ልጁን ጠርተው ግንባሩን ስመው መረቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ ልክየለሽ፣ ቃላችን ደርሷል» አሉኝ።

«የምን ቃል?»

«ራሱን እስኪችል ብለን ነበር። ችሏል።»

«አምስት ዓመቱ እኮ ነው፣ ጋሽ በዛብህ። ሰባት ማለታችሁ መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት።»

«ዕድሜ ጠርተን ነበር?»

«አልጠራችሁም።»

«ሽማግሌ የተናገረውን ነው የሚጠብቀው፤ ሌላው የመሰለውን አይደለም። አስቻለውም እሺ ብሎ ሁለት ዓመት ታግሷል። ለእሱም መፍረድ አለብን።» ክፉ ሰው ቢሆኑ እሰድባቸው ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነው የተናገሩት። በሳምንቱ አስቻለው ባለበት ሊቋጩት ተነሥተው ሄዱ።

በማግሥቱ ርብቃ ዘንድ ሮጥኩ። «አይችልም ብለሽ መስክሪልኝ» አልኳት። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «እትዬ ልክየለሽ፣ ይችላል እኮ። እንዴት አይችልም ልበል? ግን የሚችል ልጅ እናት አያስፈልገውም ያለ ማን ነው? መጥቼ ይህን እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። ቃሏን ጠበቀች፤ መጥታ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ በደንብ ሰሟት። «ደግ ተናገርሽ ልጄ» አሏት ጋሽ በዛብህ፣ «ቃል ግን ቃል ነው።»

እኔ የዚያን ዕለት ጠዋት ብሥራትን አዘጋጅቼው ነበር። «ዛሬ እኔ ላልብስህ። ሽማግሌዎቹ ፊት አልችልም በል» ብዬው ነበር።

«ግን እችላለሁ» አለ።

«ለእማ ስትል።»

ግራ እንደገባው በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ አባቱም ተቀምጦ ሳለ፣ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ጃኬቱን አመጣሁ። ልቆልፍለት ጎንበስ ስል እጄን በቀስታ ገፋው። እንደተማረው ከታች ጀመረ፤ አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፈ። የነገርኩትን ረስቶታል። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምስጋና እየጠበቀ ነው። የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። «ጎበዝ» አልኩት። ምን ልበለው? አስቻለው እንኳ ፊቱን ወደ መሬት ደፋ።

የሚሄድ ዕለት ልብሱን ራሱ አጣጥፎ በቦርሳ ከተተ። ሚኒባሱ ውስጥ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ። አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም፤ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ እራት መሥራት ተውኩ። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ዳቦ ገዝቼ ቆሜ እበላለሁ። ዋጋዬ ትመጣለች፣ ታወራለች፣ ልጆቿ ሲጠሯት ትሄዳለች። ስልክ ስደውል ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ቢሰማም ብሥራት «ደህና ነኝ» ብሎ ለአባቱ ይሰጠዋል። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኝ ነበር፤ የሻረግንም አይፈልጋትም እል ነበር። እሷም እንደ እኔ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ፣ ጉርሻዋን ትመልስ እል ነበር። ክፋት ነው፤ አውቃለሁ። ማታ ማታ ግን በዚያ ሐሳብ ተጽናንቼ ነው የምተኛው።

ጥቅምት ሲገባ አንድ ቅዳሜ ብስኩትና ሹራብ ገዝቼ ዳንግላ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ጋሪ ይዤ ቤታቸው ደረስኩ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ።

የሻረግ ጓሮ በኩል ልብስ እያሰጣች ነው። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። የጎረቤት ሕፃን መሰለኝ፤ ከዚያ እግሩን አየሁት። እስከ ጉልበቷ ወርዷል። ጫማው እኔ የገዛሁለት ነው። ብሥራት ጉንጩን ጀርባዋ ላይ ለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ስታየኝ ደነገጠች። ልጁ እንዳይነቃ ጎንበስ ሳትል ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «እንቅልፍ አሁን ገና ነው የወሰደው፤ ልቀስቅሰው እንዴ?» አለችኝ።

«ተይው ይተኛ» አልኳት።

በርጩማ በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችልኝ። ራሷ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ታስተኛዋለች። መውለድ እምቢ ያላት ሴት ናት፤ ሰምቼ ነበር። ፊቷ ላይ ድካም አለ፣ ደስታ ግን ይበልጣል። «እትዬ ልክየለሽ፣ አይቀየሙኝና» አለች፣ «እንዲህ ከባድ ሆኖም እንኳ እዘዪኝ ካለ አይለቅም። ከእጄ ካልሆነ አይበላም፣ ጫማውንም አድርጊልኝ ነው የሚለኝ። አባቱ ይቆጣል፤ እኔ ምን ቸገረኝ አልኩ። መታዘል እንዲህ የሚወድ ልጅ አይቼ አላውቅም። ከእርስዎም ጋር እንደዚሁ ነበር?»

ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ አንድ ቀን አዝዬው አላውቅም። እዘዪኝም ብሎኝ አያውቅም። እንዳይለኝ አድርጌ ነዋ የሰበሰብኩት እጄን። ጀርባዬ በረደኝ። የሻረግ መልሴን እየጠበቀች ታየኛለች፤ ተንኮል የላትም፣ የእውነት ነው የጠየቀችኝ።

«አዎ፣ ይወዳል» አልኳት፣ እንደሚያውቅ ሰው።