ዝም ሲል ይዘፍናሉ

«ምነው እንደ ሙሽራ ተንቀጠቀጥክ?» አለው ከበሮ መቺው ኮልተን።

ብሬናን ኢሞ የሚሉትን ልብ የሚበላ ዘፈን ሃያ ዓመት ዘፍኖ፣ ዛሬ በተወለደባት የኒው ጀርዚ ከተማ፣ በቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ፣ በእሑድ ከሰዓት ላብ አጠመቀው። የመጀመሪያ አልበማቸውን በተርታ ሊጫወቱ ነው። አራተኛዋ ዘፈን እንጀራ የሆነችላቸው ናት።

ባንዱን በሁለት ተራ ጊታር የጀመሩት እሱና የልጅነት ጓደኛው ዋይት ነበሩ። ከዚያ የብሬናን እህት ማርሊ በበረዶ ቀን የዋይትን መኪና ነድታ ወጣች፣ መንገድ ላይ ተገልብጣ ሞተች። በሳምንቱ ብሬናን «ቁልፉን የሰጠሃት አንተ ነህ፣ ዋይት» ብሎ አራተኛዋን ዘፈን ጻፈ። ዋይት አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጊታሩን ይዞ ወጣ። በሱ ቦታ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ገባ፤ ባንዱ አገር ለአገር ዞረ፤ ወጣቱ ያቺን ስንኝ ክንዱ ላይ ተነቀሰ። ዋይት ግን እዚያው ከተማ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ሊጠግን በገባበት ቤት ሁሉ ዘፈኗን ያፏጩበታል። ጉድ እኮ ነው!

ማርሊ ግን ያን ቀን «ና ውሰደኝ» ልትል መጀመሪያ የደወለችው ለወንድሟ ነበር። ብሬናን ስልኩን አይቶ፣ ግጥሜን ልጨርስ ብሎ ተወው። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ስንኙን ለውጦ በሰው ሁሉ ፊት ሊናዘዝ ቆርጧል፤ ለዋይትም ትኬት ልኮለታል። ዋይት መጥቶ በር አጠገብ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

ዘፈኗ ደረሰች። «መጀመሪያ የደወለችው ለኔ ነበር» ብሎ ዘፈነ። ማን ይስማው! አምስት መቶ ሰው አሮጌውን ስንኝ ጮኸበት። ደገመው፤ ዋጡት። ቢቸግረው ባንዱን አስቆሞ ከማይክሮፎኑ ፈቀቅ አለ። ወይ አለማወቅ! እኔ ዝም ስል ተራው የእናንተ ነው ብሎ ሃያ ዓመት ያስለመዳቸው ራሱ ነው። «ቁልፉን የሰጠሃት አንተ ነህ፣ ዋይት!» አሉ፣ እያለቀሱ፣ በፍቅር። ብሬናን አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ጊታሩን አስቀምጦ በሕዝቡ መሀል እየተጋፋ በሩ ድረስ ሄደ።

«ሸበትክ እኮ፣ አንተ» አለው ዋይት።

«ዋይት፣ መጀመሪያ የደወለችው ለኔ ነው። አይቼ ተውኳት።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅክ?»

«ቁልፉን ስትቀበለኝ ነግራኛለች። ‹ብሬናን አያነሳም› አለችኝ።»

«ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰድብህ ምነው አልተናገርክ?»

ዋይት መሬት መሬቱን አየ። «ቀብሩ ላይ እናትህ ክንድህን ይዛ ነበር የቆመችው። የቀረኸላት አንተ ብቻ ነህ። ምን ብዬ ልንገራት?»

ብሬናን ትከሻው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አጠገባቸው የቆመች አንዲት ልጅ ሁሉንም ሰምታ መዝፈኗን አቆመች። ሌላው ሰው ግን ገና እየዘፈነ ነበር።