ፈራሁ በል

አስረሳሽ ባሏን አያሌውን የለመነችው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ፈራሁ» እንዲል።

ጎረቤታቸው ፍቅሩ ያለ ተራው የጎርፉን ውሃ ወደ ማሳው ሊጠልፍ መጥረቢያ ይዞ መጣ። አያሌው «ተራዬን አልሰጥም» ቢለው መጥረቢያውን ሰነዘረበት። አያሌው በሽመሉ ቀደመው። ፍቅሩ ወደቀ፤ መጥረቢያውም ከእጁ ወጣ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አያሌው ደገመው፤ ፍቅሩም በዚያው ቀረ።

መንግሥት ያቆመላቸው ጠበቃ ነገሩን አፍታቶ ነግሯቸዋል። የመጀመሪያዋ ምት ራስን ማዳን ናት፤ ሕግ አይጠይቅባትም። ሁለተኛዋ ግን ከልክ ያለፈች ናት፤ የወደቀ ሰው ማንንም አይገድልም። ቢሆንም በፍርሃትና በድንጋጤ የመታት ከሆነ፣ ዳኛው ያለ ቅጣት ሊለቁት ይችላሉ።

«ፈርተህ ነበር እኮ!» ትለዋለች፣ እስር ቤት ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር። «ያን ለት ቤት ስትገባ የሰጠሁህን ውሃ እንኳ መያዝ አቅቶህ ደረትህ ላይ አልደፋኸውም?»

«ዝም በይ! ሰው ይሰማሻል!»

ችሎቱ ቆቦ ላይ ሲቀመጥ አዳራሹን የሞላው በአንድ ወገን የአያሌው ዘመድ፣ በሌላው የሟች ወገን ነበር። እንግዲህ የራያ ወንድ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ፈራሁ ሊል! አስረሳሽ ለምስክርነት ቆመች። መንቀጥቀጡንም፣ ውሃውን መድፋቱንም አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ከኋላዋ «ወይ ጉድ፣ ባሏን አዋረደችው» የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። እሷ ግን ቃሏን ሳታጥፍ ጨረሰች።

ዳኛው ወደ አያሌው ዞሩ። «ሁለተኛውን የመታኸው ፈርተህ ነው?»

አያሌው አጎቶቹን አየ።

«እኔ? የአባቴ ልጅ አይፈራም! እሷ ሴት ናት፣ ትቀባጥራለች። የደገምኩት ሁለተኛ እንዳይለምደው ነው!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጠበቃው ግንባሩን ያዘ፤ ዳኛውም ሊምሩበት የሚችሉትን ምክንያት አጡ። አስረሳሽ ያዘለቻት ሕፃን ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ የማይወጣበት እስራት ተፈረደበት።

ደጅ ላይ አጎቶቹ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ። «ወንድ ነው! አላሳፈረንም!»

አስረሳሽ መሃላቸው ገባች። ድምጿ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፦

«በሉ እንግዲህ፣ መሬቴ ጦም ሊያድር ነው። ነገ ማለዳ ኑና ወንድነቱን ጠምዳችሁ እረሱልኝ!»