ግራና ቀኝ ሰልፍ

ሰልፉ ወደ ፊት ሲገፋ ጫማ ሰፊዋ ቀረት አለች። ጫማ ፋብሪካው ሊሸጥ ነው፤ ሠራተኛው ምርጫውን የሚያሳውቅበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። በግራ የተሰለፈው ካሳውን ተቀብሎ የሚሰናበት ነው። በቀኝ የቆመው ደግሞ ካሳውን አክሲዮን አድርጎ፣ ፋብሪካውን ከጓደኞቹ ጋር ገዝቶ ሥራውን ሊቀጥል የቆረጠ ነው። የግራው ሰልፍ እስከ ግቢው በር ደርሷል። በቀኝ ያሉት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው።

ሰፊዋ የቆመችው በግራ ነው። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጠዋት ስትወጣ በሩ ድረስ ተከትሏት፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትባዪ!" ብሏታል።

"እኔ? ከእኔ ብብት ምን ወድቆ ያውቃል?" ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። በበጋ እንኳ ያለ ጃንጥላ የማትወጣ ሴት ናት።

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። ማሽኗ ሦስተኛው መስኮት ሥር ነው። አጠገቡ ያለው የጓደኛዋ የቀጮ ነበር። ያኔ በማሽኑ ጩኸት መሃል አንዷ የሌላዋን ከንፈር እያየች ያወሩ ነበር፤ አለቃው አንድ ቃል ሳይሰማ እነሱ በሳቅ ይፈርሳሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ቀጮ፣ "ነይ፣ የራሳችንን የጫማ ሱቅ እንክፈት። አንቺ ትሰፊያለሽ፣ እኔ እሸጣለሁ" አለቻት። "አንድ ሳምንት ላስብበት" ብላ ወር አሰበች፤ ዓመት አሰበች። ቀጮ ብቻዋን ከፈተች። በአምስተኛው ዓመት ሱቁ ከሰረ። ሰፊዋ ወሬውን የሰማች ዕለት "እንኳን አልገባሁበት" አለች፤ ወዲያው ግን በራሷ አፈረች።

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"ቀጮ፣ የነገርኩሽ ሰልፍ ላይ ነኝ።"

"በግራ ነዋ! ምን ይጠየቃል።"

"አትሳቂብኝ። ያ ሱቅሽ... ምነው ባልከፈትኩት ትያለሽ?"

"ስዘጋው አልቅሻለሁ። መደርደሪያው ሳይቀር ተሸጧል። ግን የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ዛሬም ዓይኔ ላይ ናት። ቀይ ጫማ ገዝታ እዚያው አድርጋ፣ አሮጌውን ፌስታል ውስጥ ከታ፣ እየተሽቀረቀረች ወጣች። የቆጨኝ ሌላ ነው። ያንቺን ማሽን መስኮቱ ጋ አስቀምጬልሽ ነበር። እስከ መጨረሻው ሌላ ሰው አላስቀመጥኩበትም።"

"ማሽን ገዝተሽልኝ ነበር? ነግረሽኝ አታውቂም እኮ!"

"ብነግርሽ ትመጪ ነበር?"

ሰፊዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሁለት ሰው ቀደማት፤ ሦስተኛው፣ "እትዬ፣ አይሄዱም?" አላት።

"እለፍ፣ እለፍ፣ ልጄ" አለችና ወደ ቀኝ ተሻገረች። የቆሙት አሥራ አንዱ ዘወር ብለው አዩዋት። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊው ቅጹን አቀረበላት። "ሙሉውን ካሳ ነው አክሲዮን የሚያደርጉት?"

"ግማሹን። ግማሹ ለባሌ እንቅልፍ ይሁን።"

ፈረመች።

በር ላይ ጥበቃው የተሰናባቾቹን የቁም ሳጥን ቁልፍ እየሰበሰበ ነበር። እጁን ዘረጋላት።

"የእኔ እዚህ ይቆይ" አለችና ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ሰኞ ማልጄ እገባለሁ።"