ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒዩተር

መምህር ገብረመስቀል በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ኮምፒዩተራቸውን አጥፍተው ያሳርፉት ነበር። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው፣ የሌለውን ወር ቁጠር ብሎ ማስጨነቅ ግፍ መሰላቸው። አንድ የአረካ ጠጋኝ የሰዓቱን ባትሪ ከለወጠላቸው ወዲህ ቀኑን የሞሉት በገዛ እጃቸው፣ በአገራቸው አቆጣጠር ነው፤ መስከረምን በመጀመሪያው ወር፣ ጥቅምትን በሁለተኛው። ሁለተኛው ወር በማሽኑ ዘንድ አጭር ነውና፣ ጥቅምት ሳያልቅ ወደ ኅዳር ሲሮጥ ጆሮውን ይዘው ይመልሱታል። ዕድሜያቸውን ሰዋስው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለስሕተት ፊት አይሰጡም።

ዘንድሮ ልጃቸው ኤደን ሶዶ ባለው ቤታቸው ኢንተርኔት ስታስገባ ግን ጉድ ፈላ። አሮጌው ኮምፒዩተር አንድም ድረ ገጽ አልከፍት አለ። እሷም አዲስ ላፕቶፕ ገዝታ መጣች።

«አርጅቷል አባዬ። የዛሬውን ሶፍትዌር የሚሸከም ጉልበት የለውም። ዛሬ ቁራሌው ሲያልፍ እንስጠው።»

መምህሩ ደነገጡ። የሚያዘጋጁት የሰዋስው መጽሐፍ ያለው በዚያ ማሽን ነው። ጥንታዊው የአማርኛ መጻፊያ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ አልጫን ብሏል፤ ረቂቁም እዚያ ሲከፈት ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። ማሽኑ ከሄደ የሦስት ዓመት ድካማቸው አብሮ ሄደ ማለት ነው።

«አንዲት ገጽ ከከፈተልህ አልነካውም» አለች ኤደን።

ከታች በኩል «ቁራሌው... ቁራሌ...» የሚል ድምፅ ተሰማ። መምህሩ ቁልፎቹን መታ መታ አደረጉ፤ የማሽኑ ማያ ላይ ጽሑፍ ብቅ ሲል ፈጥነው ዘጉት። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ዘጉት።

«ምንድን ነው የምትዘጋው?»

«ስድብ ነው።»

«ማን ሰደበህ?»

«እሱ። ‘ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል’ ይለኛል። እኔን በዘመን ስሌት ሊያርመኝ።»

ኤደን ወደ ማያው ጥግ ጎንበስ ብላ ቀኑን አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሳቋ አልቆም አላት።

«አባዬ፣ ዓመተ ምሕረቱን በእኛው ነው እንዴ የሞላኸው?»

«በማን ልሙላው ታዲያ?»

«ድረ ገጹ የራሱ መታወቂያ አለው፤ የተሰጠውም በቅርቡ ነው። ይኼ ምስኪን ግን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ስለቀረ፣ መታወቂያው ገና አልወጣም ብሎ በር ይዘጋበታል። እኔም ሳላነብ እርጅና ነው አልኩ። በፈረንጅ ቀን ሙላውና ይከፍታል።»

መምህሩ እጃቸውን ሰበሰቡ። «በቤቴ ሐሰት አይጻፍም።»

የቁራሌው ድምፅ አጥሩ ጥግ ደርሷል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሚቱ በሩ ሥር ተቀምጠው ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር እየላጡ ነበር። ቢላዋቸውን ሳያቆሙ ጠየቁ።

«ይኼን ቦዬ ሻንቶ ገበያ ስትገዛ በምን ቋንቋ ተከራከርክ?»

«በወላይትኛ ነዋ።»

«ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ወላይትኛ። ዋሸህ ማለት ነው?»

መምህሩ መነጽራቸውን ጠራረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እንግዲህ እሱም ገበያ ወጣ እንበል» አሉና ቀኑን ራሳቸው ለወጡት።

ገጹ ተከፈተ።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ። «ጋሼ፣ ኮምፒዩተር አላቸው ብለውኝ ነበር» አለ ቁራሌው፣ ማዳበሪያውን ከትከሻው እያወረደ።

«አለን፤ ግን አይወጣም። ኤደን፣ አልጋሽ ሥር ያለውን ካርቶን አምጪለት።»

ኤደን አቀረቀረች። ካርቶኑ ሙሉ ቻርጀር ነበር፤ አንዱ አፈ ክብ፣ አንዱ አፈ ሰፊ፣ አንዱም አሁን ለያዘችው ስልክ የማይሆን። ቁራሌው ገመዱን ከገመዱ ማላቀቅ አቅቶት እንዳለ አነሣው።

«የእኔስ አርጅቶ ነው ተባለ» አሉ መምህሩ። «የአንቺዎቹ ምን ሆነው ነው?»

«ተወኝ እስቲ አባዬ።»

ጳጉሜን ገባች። ማሽኑ አሁን የራሱን ወር ይቆጥራልና የሚያስጨንቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም ወይዘሮ ማሚቱ ሲያልፉ ጠፍቶ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ አዩት። ጨርቁ ላይ በመምህሩ የእጅ ጽሑፍ «ጳጉሜን ፩» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ» አሉ መምህሩ። «ማረፍ ለምዷል።»